ክዳኑን አንሱ፦ ቤት ውስጥ ያለ አፈር ስንዘራ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

መጀመሪያ ያሳደግኩት ሰላጣ 12 እግር ነበር። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ የበረንዳው በር ሥር፣ በቀለም ባልዲ፤ አፈር የለውም፣ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ነው (ሃይድሮፖኒክስ ይሉታል)። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። «ርቦት ነው» አልኩና ማዳበሪያ ጨመርኩ። አልተሻለውም። ደግሜ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ጠውልጎ ባልዲው ላይ ተዘረፈጠ። ክዳኑን ያነሳሁት ገና ያኔ ነው። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር የሻይ ቀለም ይዟል። ስነካው ልጡ ጣቴ ላይ ቀረ። ሽታው የቆመ ቦይ ነው። ለካ ምግብ አላጣም፤ መብላት አቅቶት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረግኩት። ቅጠሉ ምንም ቢመስል፣ አንዳች ነገር ከመጨመሬ በፊት ክዳኑን አነሳለሁ። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መሳይ ነው። ጠንከር ይላል፤ አይሸትም። ማዳበሪያው ውስጥ ካለው ብረት የተነሳ ትንሽ ቢጠይምም፣ ካልሸተተና ካልተሙለጨለጨ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) እለካለሁ። ለአብዛኛው አትክልት ከ5.5 እስከ 6.5 ጥሩ ነው። ዲጂታል መለኪያ ውድ ከሆነባችሁ በጠብታ የሚለካው ይበቃል። እንዲያውም ለጀማሪ ጠብታውን እመርጣለሁ። ዲጂታሉ በየጊዜው ካልተስተካከለ ይዋሻል፤ የኔው ሁለት ወር ሙሉ ሲዋሸኝ ነበር።

ባልዲው ውሃ ሞልቷል፣ ተክሉ ግን ጠውልጓል

ሰውን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ተክል!

ምክንያቱ ሥሩ መታፈኑ ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ሲያጣ ውሃ መሳብ ያቆማል። የደከመው ሥር ላይ ፒቲየም የሚባለው አበስባሽ ተውሳክ ይገባበታል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። የኛ ውሃ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ባሕር ጠለል ላይ ካለ ውሃ ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ቪዲዮ ላይ «ትንሽ የአየር ፓምፕ ይበቃል» የሚሉን ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ከፍታ ላይ አይኖሩም።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከሥሩ ከግማሽ በላይ ከበሰበሰ አትልፉ፤ ጣሉት። ከግማሽ በታች ከሆነ የተበላሸውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ በቀስታ እጠቡት። የድሮውን ውሃ ሙሉ በሙሉ ድፉ። ባልዲውን አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። አዲሱን ውሃ በግማሽ የማዳበሪያ መጠን ጀምሩ፤ የቆሰለ ሥር ጨው አይወድም። የአየር ፓምፑን ቀን ከሌሊት አታጥፉ።

የውሃው ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይላል። ከ25 ሲያልፍ ስጋት ነው። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ የሚመጣው ባልዲው መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው ነው፤ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉበት ወይም ቦታ ቀይሩለት። ድሬዳዋ ላላችሁ ግን ጨርቅ አይበቃችሁም። በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዛችሁ፣ ከነጠርሙሱ ቀትር ላይ ባልዲው ውስጥ መክተት ነው።

መብራት በሄደ ቁጥር ተክሉ ይሞታል

ይሄ የተክል ሳይሆን የዲዛይን ችግር ነው። በቧንቧ ውስጥ ስስ ውሃ እየፈሰሰ የሚያልፍበትን ዘዴ ከሠራችሁ፣ የውሃ ፓምፑ ሲቆም ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሞቃት ቀን ከሆነ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ መጠውለግ ይጀምራል። ባልዲ ውስጥ ከሆነ ግን ሥሩ ቢያንስ ውሃው ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰዓት ይታገሣል።

ቧንቧውን ማፍረስ ካልፈለጋችሁ የቧንቧውን መውጫ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ፓምፑ ሲቆም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይቋጥራል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር የሚሻለው ጭራሽ ፓምፕ የሌለው ዘዴ ነው። ክራትኪ ይባላል። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ነው ያስተዋወቀው። ባልዲውን በተበጠበጠ ማዳበሪያ ትሞላላችሁ፣ ችግኙን ክዳኑ ላይ ባለ ቀዳዳ ታስቀምጣላችሁ፣ በቃ። ተክሉ ሲጠጣ ውሃው ይወርዳል። ከላይ በተከፈተው ቦታ የቀረው ሥር አየር ይስባል፤ የታችኛው ውሃ ይጠጣል። ለአንድ እግር ሰላጣ ከችግኝ እስከ ለቀማ 4 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል።

ሰው እዚህ ላይ የሚሠራት ስህተት አንድ ናት፤ እኔም ሠርቻታለሁ። ውሃው ወርዶ ሲያዩት ያሳዝናል። ጆግ ይዘው እስከ አፉ ይሞሉታል። በማግስቱ ተክሉ ጠውልጎ ይገኛል። አየር መሳብ የለመደውን ሥር ነው ያሰጠሙት። መጨመር ካለባችሁ ቢበዛ ሲሶውን ሙሉ፤ የላይኛውን ፀጉራም ሥር አትንኩት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል

የትኛው ቅጠል? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከነጣ ናይትሮጅን አንሶታል። ተክሉ ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ እየላከ ነው። ሥሩ ደህና ከሆነ ማዳበሪያ ጨምሩ። የታችኛው ቅጠል ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሃል መሃሉ ቢጫ ከሆነ ማግኒዚየም ነው፤ በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት ይበቃል።

ከላይ ያለው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ እንደ መረብ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አላገኘም። «አላገኘም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብረቱ ብዙ ጊዜ ውሃው ውስጥ አለ። ፒኤቹ ከ6.5 በላይ ሲወጣ ግን ተክሉ ሊወስደው በማይችል መልክ ይዘቅጣል። ስለዚህ ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ፒኤች አውርዱ። ከሳምንት በኋላ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ተገላገላችሁ። ቢጫ የሆነው ግን አይመለስም፤ አትጠብቁት።

ፒኤቹን አወርደዋለሁ፣ ተመልሶ ይወጣል

ውሃችሁ ባይካርቦኔት (አሲዱን እየዋጠ የሚያከሽፍ ማዕድን) የበዛበት ነው። የጉድጓድ ውሃ እንዲህ ያደርጋል፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ይለሰልሳል። የእናንተ ሰፈር የቱን እንደሚጠጣ ለማወቅ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ መልሱ እሱ ነው።

ሎሚ የሚጨምሩ አሉ። ለጊዜው ያወርደዋል፤ ባክቴሪያዎች የሎሚውን አሲድ ሲበሉት ግን ፒኤቹ ይመለሳል። ፎስፈሪክ አሲድ ይሻላል። ጓንት አድርጉ። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። በጠብታ ጀምሩ፣ አማስሉ፣ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ለኩ። ከመኪና ባትሪ የተቀዳ አሲድ ግን በጭራሽ! እርሳስ አለበት፤ ሰላጣውን የምትበሉት እናንተ ናችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ዝናብ ነው። ክረምት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ይጠብላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በጀሪካን ያዙ። ከቧንቧ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ስትቀላቅሉት ባይካርቦኔቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ዩሪያና ኤንፒኤስ ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም

ይሄን ጥያቄ የሚያመጡት ገጠር ዘመድ ያላቸው ናቸው። እርሻ ላይ የሚሠራ ነገር ባልዲ ውስጥም ይሠራል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ግን አይሠራም። ዩሪያ ለተክል ምግብ የሚሆነው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲቀይሩት ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ እነሱ የሉም ማለት ይቻላል። ተንኮሉ ደግሞ የማዳበሪያ ጥንካሬ የሚለካው ኢሲ መለኪያ ዩሪያን አያየውም። ቁጥሩ አልወጣም ብላችሁ ትጨምራላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፤ ቆይቶ መቀየር ሲጀምር አሞኒየም ሆኖ ሥሩን ያቃጥለዋል። ኤንፒኤስ ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ነው። ፖታሲየም የለውም፤ ካልሲየምም ብረትም የለውም። እነዚህን አፈር ነበር የሚሞላላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ለሃይድሮፖኒክስ ተብሎ የተሠራ ማዳበሪያ ነው። ካልሲየም ናይትሬት ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል፤ በምክንያት ነው። ሳይቀጥን ከሌላው ጋር ስትቀላቅሉት ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ኖራ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ባልዲው ሥር ነጭ ጭቃ ካያችሁ ምግባችሁ እዚያ ተኝቷል። ተመልሶ አይሟሟም፤ ድፉትና አንዱን በደንብ ካሟሟችሁ በኋላ ሌላውን ጨምሩ። ለሰላጣ ኢሲ ከ0.8 እስከ 1.2 ይበቃል፤ ቲማቲም ከ2 በላይ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ባልዲ ላይ አታጋቡ።

የመሃሉ ለጋ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሏል

ካልሲየም ወደ ጫፉ አልደረሰም። አሁንም አትጨምሩ፤ ካልሲየም ከውሃ ጋር ነው የሚጓዝ፣ ውሃ ደግሞ የሚጓዘው ቅጠል ሲተን ነው። የታፈነ ክፍል ውስጥ መሃል ላይ የተጠቀለለ ቅጠል አይተንም። ትንሽ ማራገቢያ ቅጠሉ እስኪንገላታ ሳይሆን ነቅነቅ እስኪል ድረስ ይንፋበት። ለተክሉ የምታበሩት መብራት በቀን ከ16 ሰዓት በላይ የሚበራ ከሆነም ቀንሱ።

ችግኙ ቀጥኖ ተመዘዘ

ብርሃን አንሶታል። የሳሎን መስኮት ለእኛ ዓይን ብሩህ ነው፤ ለሰላጣ ጨለማ ነው። ኤልኢዲ መብራት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አስጠግታችሁ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያህል አብሩ። የተመዘዘውን ማሳጠር አይቻልም፤ እንደገና ዝሩ።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ነፍሳት መጡ

አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ብርሃን ገብቶለታል። ባልዲውን ጥቁር ቀለም፣ ከላዩ ነጭ ቀቡት፤ ክፍት ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑ። ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በቅጠሉ ጀርባ፣ ማታ ላይ ርጩ። በአራት በአራት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ድገሙት።

የተክሉን ውሃ ከአሳ ገንዳ ጋር አገናኘሁት፤ አሳው ጠዋት ጠዋት አፉን ከውሃ በላይ ያወጣል

ጎህ ሲቀድ ኦክስጅን ዝቅ ያለበት ሰዓት ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) አየር ፍለጋ ወደ ላይ ከወጣ ያለው ጊዜ አጭር ነው። የአየር ፓምፕ ጨምሩ፣ መብራት ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ ከከፍታ አፍስሱ። አምባዛ ግን ከውሃ በላይ ያለ አየር መተንፈስ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ተመልሶ ቢጠልቅ ጠባዩ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቤት አምባዛን የምመክረው ለዚህ ነው።

ፓምፑ እየሠራም አሳው ከተጨነቀ አሞኒያና ናይትራይት (ከአሳው ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች) ለኩ። ገንዳው አዲስ ከሆነ፣ የአሳውን ቆሻሻ ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በክረምቱ ብርድ ከዚያም ይዘገያሉ። ምግቡን ለጥቂት ቀን አቁሙ፣ ከውሃው ሲሶውን ቀይሩ። የምትጨምሩት የቧንቧ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ያደረ ይሁን። ክሎሪኑ ካልወጣ አሳውንም ባክቴሪያውንም አንድ ላይ ነው የምትጨርሱት። ደህና ሲሆን የምትሰጡት ምግብ አሳው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ያህል ብቻ ይሁን።

የአሳ ገንዳ ፒኤች ወደ 7 ስለሚጠጋ ተክሉ ላይ የብረት ቢጫነት ይታያል። እዚህ ግን አሲድ አትጨምሩ፤ ባክቴሪያዎቹ 7 አካባቢ ነው የሚመቻቸው። ዲቲፒኤ የሚባለውን የብረት ዓይነት በሊትር 2 ሚሊ ግራም ብረት እንዲደርስ አድርጋችሁ ጨምሩ።

ሰላጣው መሃሉ ዘንግ አውጥቶ መረረ

አርጅቷል ወይም ሞቆታል። ወደ አበባ ዞሯል፤ አይመለስም። እኔ ለጎረቤት በግ ነው የምሰጠው፤ በጉ ምሬቱን አይቆጥርም።