ቤትዎን በሙቀት ካሜራ እንዴት ይፈትሻሉ? ለጎንደር ቤቶች የሚሆን መመሪያ

የመብራት ካርድ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ኃይሉ የሚባክነው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ ከምጣዱ ሥር፣ በፍሪጁ ጎማ ዙሪያ፣ በላላ ሽቦ፣ በኮርኒሱ ጠርዝ። ይህን ለማግኘት ከሙቀት ካሜራ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ አጠቃቀሙን ካወቁበት ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዙ። ካሜራው ግድግዳ ሰንጥቆ አያይም። የሚለካው ከእቃው ገጽ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ብቻ ነው። ከጀርባው ምን እንዳለ የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት።

ካሜራውን ማግኘት

ከስልክ ጋር የሚሰኩ እንደ ፍሊር ዋን እና ሲክ ቴርማል ያሉ አሉ፤ በእጅ የሚያዙም አሉ። ለፍሪጅና ለብሬከር 80 በ60 ፒክስል ይበቃል። ለግድግዳና ለኮርኒስ ግን ከ160 በ120 በታች ባይሞክሩ እመርጣለሁ። ለአንድ ቤት ብሎ መግዛት አያዋጣም፤ ተውሰው ወይም ከጎረቤት ጋር ተጋርተው ይከራዩ። ከስልክዎ ካሜራ በቀር ሌላ ዕቃ ሳይጠይቁ «ቴርማል ካሜራ ነኝ» የሚሉትን አፖች አያውርዱ። እነሱ ተራ ፎቶ ላይ ቀለም ይቀባሉ እንጂ ሙቀት አይለኩም።

ሰዓቱን መምረጥ

በቤቱ ውስጥና በውጭው መካከል ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲኖር ምስሉ ጥርት ይላል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ ከታደረ በኋላ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይነሱ። ቀን የውጭ ግድግዳ አያንሱ። ድንጋይ የጠጣውን ፀሐይ እስከ ምሽት ይዞት ይቆያል፤ ፒያሳ አካባቢ ባሉት የጣሊያን ጊዜ ወፍራም ግድግዳዎች ላይ ይህ በደንብ ይታያል።

ከቆርቆሮው ወደ ክፍሉ የሚወርደውን ሙቀት ለማየት ግን በተቃራኒው ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ከውስጥ ሆነው ኮርኒሱን ያንሱ።

ካሜራው የሙቀቱን መጠን በራሱ እንዲመርጥ አይተዉት። ከተዉት የአንድ ዲግሪ ልዩነት እንኳ እሳት የተነሣ ያስመስለዋል። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዲግሪ እርስዎ ወስነው ቤቱን በሙሉ በዚያው ያንሱ።

የሚያብለጨልጭ ብረት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ጭቃ ግድግዳ፣ ልስን፣ እንጨት፣ ቀለም የተቀባ ነገር፣ እነዚህ ያላቸውን ሙቀት ከሞላ ጎደል እንዳለ ስለሚያወጡ ካሜራው በትክክል ያነባቸዋል። አዲስ ቆርቆሮ ግን የራሱን ሙቀት ደብቆ የሌላውን መልሶ የሚያሳይ መስታወት ነው። ከውጭ ሲያነሱት የሚያዩት የሰማዩን ቅዝቃዜ ነው። እጅ የሚያቃጥል ክዳን በምስሉ ላይ ሰማያዊና ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል።

አዘዞ ያለ አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ገንዘቡን አፍስሷል። ፈታሽ ነኝ ያለ ሰው አዲሱን ክዳን በጠራራ ፀሐይ አነሳና «ክዳናችሁ ምንም የለበትም፤ ሙቀቱ የሚገባው በግድግዳው ነው» አላቸው። ግድግዳው ሁሉ እንደገና ተለሰነ። ክፍሉ ግን ቀን ቀን እንደ ድሮው ያፍናል። በኋላ ከውስጥ በኩል ቆርቆሮው ላይ ናስትሮ ለጥፈን በናስትሮው ላይ ስንለካ ግለቱ ሁሉ ከላይ ነው። የጎደለው ኮርኒስ ነበር።

መፍትሔው ይኸው ናስትሮ ነው። ጥቁር ናስትሮ በብረቱ ላይ ይለጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ በካሜራው ላይ «ኢሚሲቪቲ» የሚለውን፣ ማለትም ገጹ ሙቀቱን ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚናገረውን ቁጥር፣ 0.95 ላይ አድርገው ናስትሮውን ብቻ ያንብቡ። በናስትሮውና በባዶው ብረት መካከል ያለውን ልዩነት ሲያዩ ይገረማሉ። በጣም በሚግል ነገር ላይ ግን ናስትሮ ይቀልጣል። እዚያ የዛገ ወይም ጥላሸት የጠገበ ቦታ ፈልገው እሱን ይለኩ።

ናስትሮ ከሌለ ቦታ ቀይረው ይቁሙ። ትኩሱ ነጥብ አብሮዎት ከተንቀሳቀሰ የእርስዎ የሰውነት ሙቀት ነጸብራቅ ነው። የመስኮት መስታወትም እንዲሁ ነው፤ በሙቀት ካሜራ ወደ ውጭ አያሳልፍም።

ማድ ቤት

ትልቁ ገንዘብ እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ከ300 በላይ ባለ 10 ዋት አምፖል በአንዴ እንደማብራት ነው። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ጎኑንና ሥሩን ያንሱ። ከሥሩ አንዱ ቦታ ብቻ ለይቶ ከጋለ ሙቀቱን የሚያግደው ሽፋን ተሰንጥቋል ወይም ወድቋል ማለት ነው። የላይኛውን ገጽ ለማየት ካሜራዎ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚለካ ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ከ120 አያልፉም፣ ምጣድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። ካሜራው ከቻለ ግን በአንድ በኩል የማይበስለው እንጀራ ምክንያቱ ሽቦው መሆኑን ወዲያው ያሳያል።

የምጣዱን ሥር ማስጠገን መስኮት ሁሉ በሲሊኮን ከመድፈን ይበልጣል ባይ ነኝ። እንጀራውንም ከፋፍለው ሳይሆን በአንድ ቀን ይጋግሩ፤ ምጣዱን ደጋግሞ ማጋል ራሱ ብክነት ነው።

ፍሪጅ ላይ በጎማው ዙሪያ ቀዝቃዛ መስመር ይፈልጉ። ካገኙ እዚያው ላይ የብር ኖት አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይይዘው ከወጣ ጎማው አልቋል። ቦይለር የሚፈለግ ሰዓት ላይ ብቻ ይብራ።

ብሬከርና ሶኬት

ምጣዱ ወይም ቦይለሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ያንሱ። ተመሳሳይ ጭነት ካላቸው መካከል አንዱ ለብቻው ከጋለ መጋጠሚያው ላልቷል። ይህ ከብክነትም አልፎ እሳት ያስነሳል። ሳጥኑን ራስዎ አይክፈቱ፤ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ።

በር፣ መስኮት፣ ኮርኒስ

ንጋት ላይ ከውስጥ ሆነው ይዙሩ። ከላሜራ በር ሥር የሚገባ ነፋስ ሊሾው ላይ እንደ ጣት ተዘርግቶ ይታያል። እርጥበት ደግሞ ጠርዙ የተሟሸሸ ቀዝቃዛ ነጠብጣብ ይሠራል፤ በተለይ ከክረምት በኋላ፣ በመስከረም፣ ኮርኒስና የግድግዳ ማዕዘን ላይ። ሁለቱ አንዳንዴ በምስል ስለሚመሳሰሉ ዕጣን አጭሰው ቦታው ላይ ይያዙ። ጭሱ ከተገፋ ነፋስ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግድግዳውን በእጅዎ ይዳስሱ። የአቡጀዴ ኮርኒስ ግን ነፋስ የማያስገባበት ቦታ ስለሌለው አንድ በአንድ መመርመሩ ጊዜ ማባከን ነው፤ ገንዘብ ሲኖር ይቀየር።

እዚህ ላይ እባክዎ ይስሙኝ። ቤት ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥሉ ከሆነ፣ ለቡናም ይሁን ለብርድ፣ ቀዳዳ ሁሉ አይድፈኑ። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝተው ሳለ ይገድላል። የላይኛውን አየር ማስገቢያ ይተዉት፣ ከመተኛትዎ በፊትም ምድጃውን ከቤት ያውጡ። ትንሽ ብርድ ቢገባ ይግባ።

ከጥገና በኋላ

ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የዲግሪ ልክ እንደገና ያንሱ። ከጎኑ ተራ ፎቶም ይያዙ፤ አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ የትኛው ግድግዳ እንደነበር ይጠፋዎታል። ሥራውን ሰው ከሠራልዎ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ሁለቱን ምስሎች አብራችሁ እዩ።