የኋላ መስታወት ማጠፊያ ሲዝግ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የኋላ መስታወቱ ለብቻው የሚከፈት መኪና ካላችሁ ይህ እናንተን ይመለከታል። ብዙ ፕራዶዎች፣ የመጀመሪያው ቱሳንና የዚያው ዘመን ስፖርቴጅ እንዲህ ናቸው። ትልቁን በር ሳትነኩ መስታወቱን ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ዕቃ ታስገባላችሁ። ያ ሁሉ መስታወት የተንጠለጠለው ግን ከላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ ማጠፊያዎች ነው።

ማጠፊያው ሲዝግ ሰው መጀመሪያ ንቆ ያልፈዋል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ማን ወደ ላይ አንጋጦ ያያል? ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ውሃ ያስገባል፣ ቀለም ያነሳል፣ ሲብስም መስታወቱን ያረግፈዋል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የብዙዎቻችን ጉዳይ ሆኗል።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ከላይ የሚታየው ዝገት ትንሹ ነው። ዋናው ማጠፊያው ከቆርቆሮው ጋር በተጋጠመበት ስር ተደብቋል። ማጠፊያውን ሳያወርዱ ከላይ ቀለም መርጨት ብር መበተን ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ይሄው ነው።

መስታወቱ ላይ ቡናማ ውሃ ሲወርድ

ዝናብ በጣለ ማግስት ከማጠፊያው ስር ቀጭን ቡናማ መስመር በመስታወቱ ላይ ይወርዳል። ትጠርጉታላችሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው። እዚህ ላይ ከተያዘ ወጪው ቀላል ነው።

ምክንያቱ ከማጠፊያው ስር ያለችው ስስ ጎሚኒ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ጎማ ላይ ትጨክናለች። በጋውን ሙሉ ጎሚኒዋ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ሰኔ ሲገባ ውሃው በስንጥቋ ሾልኮ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ግንባታ ዳር የምታቆሙ ከሆነ አቧራው እዚያው ይጠራቀምና እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ዛፍ ስር የምታቆሙም በጣሪያውና በመስታወቱ መካከል የሚገባውን ቅጠል ጥረጉ። የበሰበሰ ቅጠል ለቀናት አይደርቅም።

የመኪናው የቀድሞ ሕይወትም አለበት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና የባሕር ዳር አየር ጠግቦ ነው የሚገባው። አውሮፓ ውስጥ የተነዳው ደግሞ በረዶ ለማሟሟት መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ተሸክሞ ይመጣል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ዝገትንም ያፋጥናል። እዚህ ባሕር ስለሌለ ብቻ ከጨው ነፃ ነኝ አትበሉ።

ፍተሻው ቀላል ነው። በማጠፊያው ዙሪያ ያለውን ቀለም በጥፍራችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። አብጦ ከተላጠ ዝገቱ ከስር ገብቷልና ማውረድ ግድ ነው። ቀለሙ ጠንካራ ከሆነና ዝገቱ የማጠፊያው ጠርዝ ላይ ብቻ ካለ ግን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ በደንብ አድርቁት፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡት፣ ከላዩ ቀለም ስጡት።

ሲከፈት ሲጢጥ ካለ ወይም ከከበደ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይምታታሉ። መስታወቱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሾክ ሲደክም መስታወቱ ይከብዳል። ማጠፊያው ሲዝግም ይከብዳል። ለመለየት አንድ ሰው መስታወቱን ደግፎ ይያዝ፣ ሌላው የሾኮቹን ጫፍ ይንቀል። ከዚያ መስታወቱን በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ክብደቱ ቢሰማም እንቅስቃሴው ለስላሳ ከሆነ የደከመው ሾኩ ነው። ከተንገራገጨ፣ ከጮኸ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ዘግይቶ ከተነሳ ማጠፊያው ነው።

ይህን ሳይለዩ አዲስ ጠንካራ ሾክ መግጠም አደገኛ ነው። ሾኩ ይገፋል፣ የዛገው ማጠፊያ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ጫናውን የሚቀበለው መሀል ላይ ያለው መስታወት ነው።

መላው፦ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ በማጠፊያው ፒን ላይ፣ ማለትም ማጠፊያው በሚዞርበት ዘንግ ላይ፣ ንፉና አሳድሩት። በማግስቱ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። የሚወጣውን ቡናማ ጭቃ በጨርቅ ጥረጉ፣ እንደገና ንፉ። ንጹህ እስኪወጣ ድረስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ደብሊው ዲ ፎርቲን የመሰለ ስፕሬይ ያላቅቃል እንጂ ለረጅም ጊዜ አያለሰልስም፤ ስለዚህ በመጨረሻ ግሪስ አስገቡበት። ናፍጣና ነጭ ጋዝ አትቀቡ፤ ጎሚኒውን ያሳብጡታል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አቧራ ሰብስቦ ፒኑን የሚፈገፍግ ጭቃ ይሆናል።

ውሃ ወደ ውስጥ ሲገባ

የኋላው ምንጣፍ ይርሳል፣ መኪናው ይሻግታል። አንድ ሰው የስልክ መብራት ይዞ ከውስጥ ይቀመጥ። ሌላው ከውጭ በሃይላንድ ውሃ ያፍስ፤ ከታችኛው ጎሚኒ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥበው የት እንደገባ አይታወቅም።

የሚያፈሰው በማጠፊያው ብሎን ቀዳዳ ከሆነ ከላይ ሲሊኮን መለጠፍ መፍትሄ አይሆንም፤ ውሃውን ከስር ይቆልፍበታል። ሌላም ነገር አለ። ሲጨመቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ብረት ያዝጋል። ለመኪና ቦዲ የሚሆን፣ ያ ሽታ የሌለውን ጠይቁ።

መስታወቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ

ሲዘጋ ክፍተቱ በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ፣ ወይም ብሎኑ ዙሪያ ጠጠር የረገጠ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ፣ መክፈትና መዝጋት አቁሙ። ዝገት ሊጥ ኩፍ እንደሚለው ያብጣል፤ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። እብጠቱ የመስታወቱን ቀዳዳ ጠርዝ ይጫነዋል። ይህ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው። መሀሉን ብትመቱት ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ሲጫኑት ግን በአንዴ ወደ ጠጠር ይለወጣል። ተሰንጥቆ ጊዜ አይሰጥም። ከተሠራ በኋላ መብሳትም ሆነ መሞረድ አይቻልም። መስታወቱን ከውጭ በሰፊ ፕላስተር ከቦዲው ጋር ያዙትና ቀስ ብላችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።

ማጠፊያውን ማውረድ

ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። መጀመሪያ የማጠፊያውን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ስትመልሱት ትፈልጉታላችሁ። ከውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ሽፋን አንሱ። የማሞቂያውንና የመጥረጊያውን ሽቦ ንቀሉ፤ ተረስቶ ከተጎተተ ይበጠሳል። ብሎኖቹን ስፕሬይ ነፍታችሁ አሳድሯቸው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁልፍ ይፈታሉ። እምቢ ካሉ አጥብቃችሁ አትታገሉ፤ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው እያላችሁ አለማምዷቸው። እሳት በፍጹም አታስጠጉ።

መስታወቱን ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። አሁን የማጠፊያውን ሆድ ገልብጡና እዩት። ከውጭ ቀለሙ ሳይነካ፣ ከውስጥ ብረቱ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ በጥፍር ሲነሳ ታያላችሁ። ቦዲው ላይም የማጠፊያው ቅርጽ በቡናማ ታትሞ ይገኛል።

ቦዲውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ድረስ ፈግፍጉ። የቀዳዳውን ከንፈር አትርሱ፤ ዝገቱ ተመልሶ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዝገት የሚለውጥ ፈሳሽ፣ ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። እያንዳንዱ ሳይደርቅ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ቆርቆሮው ከተበሳ ጉዳዩ የባትላሜራ ነው። ባትላሜራው ዝገቱን ቆርጦ እንዲበይድ ጠይቁት። "በስቱኮ እንሞላዋለን" ካለ እሺ አትበሉ፤ ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፣ ከስሩ ያለው ዝገትም ይቀጥላል።

ማጠፊያው ብረት ከሆነ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት፣ በብሩሽ አጽዱት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተቀላቀለበት ውሃ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁና ቀቡት። ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ እሱን አቼቶ ውስጥ አትክተቱ። የባትሪ አሲድ ለሁለቱም አይሆንም። ፒኑን ይዛችሁ ወዘወዝ አድርጉ። ከተንቀጫቀጨ መቀየር ነው።

ስትመልሱ አዲስ ጎሚኒና አዲስ የፕላስቲክ ቡሽ ይግባበት። ብረት መስታወት መንካት የለበትም። ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። መስታወቱ ላይ ያሉትን በጉልበት መሳብ አያስፈልግም፤ ብዙ መስታወት የሚረግፈው በዚህ ሰዓት ነው።

ማጠፊያ ስትገዙ

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የግራና የቀኙ ይለያያል፤ ሻጩ "ያው ነው ወንድሜ፣ ይገጥማል" ቢላችሁም አስተያዩት። ያገለገለ ከሆነ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። ከላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ማጠፊያ ካያችሁ ፒኑ አጠገብ በቁልፍ ጫር አድርጉ። ከቀለሙ ስር ቡናማ ከወጣ ለሻጩ መልሱለት።

ላቫጆ ላይ

ልጆቹ ባለግፊቱን ውሃ ማጠፊያው ላይ አቅርበው እንዳይለቁት ንገሯቸው፤ ግፊቱ ውሃውን ጎሚኒው ስር ያስገባዋል። ሲጨርሱ መስታወቱን ከፍታችሁ የላይኛውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ግንቦት ላይ ጎሚኒውን የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት።

የማውረዱን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ብትሠሩት ቀለሙ በደንብ ይይዛል። ሐምሌ ላይ ከደረሰባችሁ ግን እርጥብ ብረት ላይ ቀለም አትጫኑ። ከጣሪያ ስር አቁሙት፣ አድርቁት፣ ማጠፊያውን ግሪስ ቀብታችሁ እስከ መስከረም አቆዩት።