ሰፈራችሁን በሮንድ ለመጠበቅ ካሰባችሁ

ሌባ በገባ ማግስት የሚጠራ ስብሰባ ሞቅ ያለ ነው። ሁሉም ተናዶ «እኔ እወጣለሁ» ይላል። በሦስተኛው ሌሊት ግን ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ሲመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ደብረ ማርቆስ የኛ ሰፈር ሮንድ ሁለት ጊዜ የፈረሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ፣ ከዕድራችሁ ጀምሩ። የአባላት መዝገብ አለ፣ ዳኛና ጸሐፊ አለ፣ የቀረ ሰው ቅጣት መክፈልም የተለመደ ነው። ከዚያ ቀበሌና ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የተረኞቹን ስም አስመዝግቡ፣ የተረኛ ፖሊሱንም ስልክ ያዙ። ሳያሳውቁ በሌሊት ዱላ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ለራስም አደጋ ነው። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ጭራሽ አትውጡ፤ የደጅ መብራት አብርታችሁ ከየግቢያችሁ ተጠባበቁ።

ተራው እኩል ይሁን። 32 ቤት ካላችሁና በሌሊት 4 ሰው ከወጣ፣ አንድ ቤት በ8 ቀን አንዴ ይደርሰዋል። ሁለቱ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 7፣ ሁለቱ ከ7 እስከ 11። ብቻውን የሚወጣ ሰው አይኑር። ባለሱቁም ሆነ ባለሥልጣኑ በተራው ይውጣ፣ አንዱ ከቀረ ሌላውም ይቀራል። አቅም የሌላቸውን አዛውንት ግን አታስጨንቁ፣ መብራታቸውን ካበሩ በቂ ነው።

ባትሪና ፊሽካ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ከተነፋ «ድረሱልኝ» ማለት ነው ብላችሁ ተስማሙ፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት ንገሯቸው። ነሐሴ ላይ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ፊሽካ አይሰማም፣ ሌባም የሚመርጠው ይህንኑ ሰዓት ነው። ያኔ ስልክ ነው የሚያዋጣው፤ የየቤቱን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለተረኞቹ ስጡ።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው አትምቱ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም እንዲይዝ ይፈቅዳል፣ ከያዘ በኋላ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። መደብደብም ማሰርም የእናንተ ሥራ አይደለም። ይህን የምለው አንድ ሌሊት በዓይኔ ስላየሁ ነው። ጎህ ሳይቀድ አንድ ልጅ አጥር አጥሩን ሲሄድ «ያዘው!» ተባለ፣ ዱላም ተነሣ። ባትሪ ሲበራበት ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ነው፣ በአኩፋዳው ውስጥ የደረቀ እንጀራ ብቻ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይላወሳል።

በማግስቱ ከየኔታ ጋር ተነጋገርን። አሁን ተማሪዎቹ በሌሊት ሲያልፉ «ተማሪ ነኝ» ብለው ድምፅ ያሰማሉ፣ ሮንዱም ባትሪውን ፊታቸው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ያበራላቸዋል።