ደመወዝተኛው በአክሲዮን ላይ የሚስታቸው ሒሳቦች

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው አክሲዮን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ዐይኑን ጨፍኖ ይገባል። የሸሸውም የገባውም የሳቱት ያንኑ ጥቂት ሒሳብ ነው።

ፍርሃትን ጥንቃቄ ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። «ገንዘቤ ባንክ ካለ ምን ይነካዋል?» የሚል ሰው ግሽበትን ረስቷል። አናማሪያ ሉሳርዲና ኦሊቪያ ሚቸል የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን የፋይናንስ ዕውቀትን ለመለካት ካዘጋጇቸው ሦስት ጥያቄዎች አንዱ ይህንኑ ይፈትሻል፦ ባንክ በዓመት 1 በመቶ ወለድ ቢከፍል፣ የዕቃ ዋጋ ግን 2 በመቶ ቢጨምር፣ ከዓመት በኋላ በገንዘቡ የሚገዛው ይበዛል ወይስ ያንሳል? ያንሳል። ይህ ያልታየው ሰው አክሲዮንን የሚያነጻጽረው ምንም ኪሳራ ከማያውቅ ነገር ጋር ስለሚመስለው መሸሹ አይገርምም።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ታማኝ ሠራተኛን ነውና የሚጎዳው። የሚሠራበትን ድርጅት ስለሚያውቅ ብቻ ቁጠባውን ሁሉ በዚያው አክሲዮን ላይ ያፈሳል። በፈረንጆች 2001 ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲከስር፣ ብዙ ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባቸውን የያዙት በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ስለነበር ሥራቸውንም ጥሪታቸውንም በአንድ ጊዜ አጡ። ድርጅትን ከውስጥ ማየት ማለት ጠረጴዛን ማየት ማለት ነው፤ የሒሳብ መዝገቡ ሌላ ክፍል ነው ያለው። ገንዘብን በብዙ ድርጅቶች ላይ መበተን የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥቂት ያወቀ ደግሞ መግዛትና መሸጥ ያበዛል። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1996 የአሜሪካ ቤተሰቦችን ግብይት መርምረው ነበር። አብዝተው የገበያዩት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያተርፉ ገበያው ራሱ 17.9 በመቶ አስገኝቷል። ልዩነቱን በአብዛኛው የበላው የግብይት ወጪ ነው።

በቅርቡ የሚፈለግን ገንዘብ አክሲዮን ላይ ማዋልም አለ። በፈረንጆች 2008 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ አክሲዮኖች መለኪያ በዓመት ውስጥ ከ38 በመቶ በላይ ወረደ፤ የቀድሞ ከፍታውን ያገኘው በ2013 ነው። አምስት ዓመት መታገሥ የቻለ ታገሠ፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት በወደቀው ዋጋ ሸጠ።

በመጨረሻ፣ ገንዘባችንን ተቀብሎ በአክሲዮን ላይ የሚያውልልን ድርጅት የሚወስደውን የአስተዳደር ክፍያ ስንት እንደሆነ አለመጠየቅ። በየዓመቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ በ30 ዓመት ውስጥ ያለ ክፍያ ሊጠራቀም ከሚችለው ሩቡን ያህል ይወስዳል።