የትምህርት ቤት ሠራተኞችን ለድንገተኛ የኃይል ጥቃት እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው የኃይል ጥቃት ሲነሣ፣ ፖሊስ ደርሶ ሁኔታውን እስኪቆጣጠር ድረስ የልጆቹ ደኅንነት በመምህራን፣ በጥበቃዎችና በጽዳት ሠራተኞች እጅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2 ቀን 2015 በኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 148 ሰዎች በተገደሉበት ጥቃት፣ ልዩ ኃይሉ ከናይሮቢ እስኪደርስ ብዙ ሰዓታት አልፈዋል። በሜይ 24 ቀን 2022 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በዩቫልዴ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲገደሉ ደግሞ ፖሊሶች በፍጥነት ሕንጻው ውስጥ ቢገቡም፣ አጥቂው የነበረበትን ክፍል ሰብረው የገቡት ከ77 ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ እርዳታ ሊዘገይ ይችላል ከሚል ግምት መነሣት አለበት። የሚከተለው አሠራር በተለይ በአገራችን ላሉ ርእሳነ መምህራን፣ ምክትሎቻቸውና ለወላጅ ኮሚቴ አባላት የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ በአካባቢው ሊደርስ የሚችለውን ለዩ

ከውጭ አገር የተቀዳ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ለአንድ ዓይነት አደጋ፣ ይኸውም መሣሪያ ይዞ ግቢ ለገባ ግለሰብ ብቻ ነው። በእኛ ትምህርት ቤቶች ይልቅ የሚቀርቡት አደጋዎች በትልልቅ ተማሪዎች መካከል የሚነሣና ስለት የሚመዘዝበት ጠብ፣ በቂም ተነሣሥቶ በር ላይ የሚደርስ ጎልማሳ፣ እስከ አጥሩ የሚመጣ ሁከት፣ እንዲሁም ከተማው ውስጥ የሚሰማ ተኩስ ናቸው። እነዚህን ለመለየት የሚጠራው ስብሰባ መምህራንን ብቻ የያዘ ከሆነ ግማሽ መረጃ ይጎድለዋል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው የአጥር ክፍል እንደተቀደደ፣ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ማን እንደሚያንዣብብ ከማንም በፊት የሚያውቁት ጥበቃው፣ የሻይ ቤቷ ሠራተኛና ዩኒት ሊደሩ ናቸው።

በዚሁ ስብሰባ ዛቻ ለማን እንደሚነገርም ይወሰን። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትን የሚጠብቀው የመንግሥት ተቋም ሴክሬት ሰርቪስ ያካሄዳቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በትምህርት ቤት ጥቃት ካደረሱት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሐሳባቸውን አስቀድመው ለሌላ ሰው ተናግረዋል ወይም አሳይተዋል። የሰማው ተማሪ ሳይፈራ ሊነግረው የሚችል በስም የታወቀ መምህር ሊኖር ይገባል፤ መምህሩም የሰማውን በዕለቱ ለርእሰ መምህሩ ያስተላልፍ።

በሮቹን አንድ በአንድ ፈትሹ

ለዚህ ሥራ ግማሽ ቀን መድቡ። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የመማሪያ ክፍሉ የላሜራ በር ሲሆን የሚቆለፈው ከውጭ በኩል በጓጉንቸር ነው፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። ስልሳ ተማሪ ይዛ ውስጥ ያለች መምህርት በሩን መዝጋት ብትፈልግ ያላት አማራጭ ዴስክ መደገፍ ብቻ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ አንድ በያጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሁሉም በሮች ላይ ከውስጥ የሚገፋ ጠንካራ መቀርቀሪያ ሊበይድ ይችላል። መቀርቀሪያው ያለ ቁልፍ በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን፤ ይህ ካልሆነ ቃጠሎ ሲነሣ ክፍሉ ወጥመድ ይሆናል። በዝቅተኛ ክፍሎች ሕፃናት እየተጫወቱ እንዳይቆልፉት ከፍ ተደርጎ ይሠራ።

በዩቫልዴው ጥቃት ላይ የቴክሳስ ምክር ቤት ኮሚቴ ያወጣው የምርመራ ሪፖርት በሮችን ሳይቆልፉ የመተው ልማድ እንደነበረ፣ ጥቃቱ ከደረሰባቸው ክፍሎች የአንደኛው በር በትክክል እንደማይቆለፍም አስቀድሞ ይታወቅ እንደነበረ አመልክቷል። ዕቅድ በወረቀት ላይ ተሟልቶ ነበር፤ የጎደለው ጥገና ነው። በእኔ እምነት የአንድ ትምህርት ቤት በጀት ለደኅንነት ካሜራ ከመዋሉ በፊት በሮቹና የአጥሩ ቀዳዳዎች መጠገን አለባቸው።

በፍተሻው ወቅት የግድግዳው ዓይነት ይመዝገብ። ጥይት የቆርቆሮና የጭቃ ግድግዳን በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ እያንዳንዱ መምህር ይወቅ።

ትእዛዞቹ ሦስት ብቻ ይሁኑ

የደነገጠ ሰው ረጅም መመሪያ አያስታውስም። «ክፍል ቆዩ»፣ «በር ቆልፉ» እና «ግቢ ልቀቁ» የሚሉ ሦስት ትእዛዞች ይበቃሉ። የመጀመሪያው በግቢው ውስጥ ጠብ ተነሥቶ መተላለፊያው ነጻ እንዲሆን ሲፈለግ፣ ሁለተኛው አደገኛ ሰው ገብቶ ሳለ ወይም ተኩስ ሲሰማ፣ ሦስተኛው ደግሞ አደጋው ግቢው ውስጥ ሆኖ ነጻ መውጫ ሲኖር ነው። በር ቆልፉ ሲባል መቀርቀሪያው ይገፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ተማሪዎች ከበርና ከመስኮት እይታ ውጭ ባለው ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ፣ ስልኮች ድምፃቸው ይጠፋል፤ ማንም ቢያንኳኳ አይከፈትም።

ምልክቱ ከዕረፍት ደወል ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት። ሚኒ ሚዲያው ጥሩ መሣሪያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ በብዙ ግቢዎች እንደ ደወል የሚመታው ቸርኬ በተከታታይና ያለ ማቋረጥ ሲመታ «በር ቆልፉ» ማለት እንዲሆን መስማማት ይቻላል። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ምልክቱን ማን ያሰማል የሚለው ነው። ርእሰ መምህሩ ወረዳ ስብሰባ ላይ እያሉ ጥበቃው «ሳይፈቀድልኝ እንዴት ልምታ» ብሎ ካመነታ ዕቅዱ ከንቱ ነው። አደጋውን በዓይኑ ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲደውል፣ ተሳስቶ ቢገኝም እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ይነገረው። ምልክቱ ከተሰማ በኋላ ስልክ የሚደውለው ሰውና ተተኪው አስቀድመው ይመደቡ፤ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና አደጋ 939 ከቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ስልክ ጋር በየክፍሉ በር ጀርባ ይለጠፉ። ኔትወርክ በሚቋረጥበት አካባቢ በሌላ በር ወጥቶ ጣቢያ የሚደርስ መልእክተኛም ያስፈልጋል።

ተኩስ ከውጭ ሲሰማ ተማሪ አትልቀቁ

ብዙ አስተዳዳሪ በዚህ ጊዜ የሚቀናው ልጆቹን ወደ ቤት መልቀቅ ነው። ይህ መንገድ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከተኩሱና ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ያጋጫል። ሁኔታው እስኪረጋጋ ተማሪዎቹ በጠንካራው ግድግዳ ሥር ወለል ላይ ይተኙ፤ ሁለት ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የሚመጣው ፈረቃ ከቤቱ እንዳይነሣ ለወላጆች መልእክት ይላክ።

ልምምዱ አያስፈራራ

በኖቬምበር 30 ቀን 2015፣ ከጋሪሳው ጥቃት ከወራት በኋላ፣ በናይሮቢ ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ የተኩስ ድምፅ የታከለበት ልምምድ ተደረገ፤ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ አልተነገረውም ነበር። እውነተኛ ጥቃት የመሰላቸው ሰዎች ከፎቅ ዘለሉ፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሕይወቷ አለፈ፣ ብዙዎችም ተጎዱ። ለልምምድ ተኩስ፣ ርችት፣ የውሸት ደም ወይም አጥቂ መስሎ የሚገባ ሰው አያስፈልግም። ቀኑና ሰዓቱ ለሠራተኛ፣ ለተማሪ፣ ለወላጅና ለጎረቤት ይነገር።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተማሪ በሌለበት ቅዳሜ ይለማመዱ። ምክትሉ ቸርኬውን ሲመታ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ የመጨረሻው በር እስኪቆለፍ ይቁጠር፤ ከዚያ የዘገየው ክፍል ጋ ሄዶ ምክንያቱን ይጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ድምፁ አለመሰማቱ ወይም የዛገ መቀርቀሪያ ሆኖ ይገኛል። ሽንት ቤት፣ ላይብረሪና ሜዳ ላይ ያለ ተማሪ የት እንደሚገባ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው። የከሰዓት ፈረቃ መምህራን፣ አዲስ ተቀጣሪዎችና የሌሊት ጥበቃዎች እንዳይዘለሉ ጥንቃቄ ይደረግ።

ደም ማቆምን ሁሉም ይማር

ብዙ ደም የሚፈሰው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ስለሚችል አምቡላንስ መጠበቅ አይበቃም። ንጹሕ ጨርቅ፣ ከሌለም የተጣጠፈ ነጠላ፣ በቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ ሳያቋርጡ መጫን የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የእጅ ወይም የእግር ደም በዚህ ካልቆመ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ ይታሰርና በጠንካራ እንጨት ደሙ እስኪቆም ይጠምዘዝ። ሽቦና ሲባጎ ሥጋ ስለሚቆርጡ አይሆኑም። የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሐኪም ሳይደርስ አይፈታ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከመምህራኑ ጋር ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞችም አብረው ይሠልጥኑ።

ልጆችን ማስረከብ

አደጋው ካለፈ በኋላ በሩ ላይ የሚከማቸው ወላጅ ሌላ መጨናነቅ ይፈጥራል። ወላጆች የሚቆሙበት ከዋናው በር ራቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ የቀበሌ አዳራሽ፣ አስቀድሞ ይመረጥ። የክፍል ኃላፊ መምህራን በስም መጥሪያ ተማሪዎቻቸውን ይቆጥራሉ፤ ልጁ የሚሰጠው ስሙ በመዝገብ ላለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው፤ የተረከበው ሰው ይፈርማል። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ተማሪ ዝርዝር በቀጥታ ለፖሊስ ይተላለፍ፤ ለዚህም የስም መጥሪያው ቅጂ ከቢሮው ውጭ፣ ለምሳሌ በጥበቃው ቤት፣ በየወሩ እየታደሰ ይቀመጥ።