«ዛሬ ነገ ይወርዳሉ» ከማለት በፊት፦ የመሪዎችን ስንብት ሲተነብዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የ2009 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት ተረኛ ነበርኩ። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ተመልሰው ከተማው ጸጥ ባለበት ምሽት፣ የውጭ ዜና ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሆነን ከዳካር የሚመጣውን ምስል እንከታተል ነበር። የጋምቢያን ምርጫ ያሸነፉት አዳማ ባሮው በገዛ አገራቸው ሳይሆን በሴኔጋል፣ በጋምቢያ ኤምባሲ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በጋምቢያ ዋና ከተማ ባንጁል ደግሞ የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜህ ከቤተ መንግሥት አልወጣም ብለው ተቀምጠዋል። ባልደረባዬ «ይለቃሉ ብለህ ታስባለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «22 ዓመት የገዛ ሰው በመግለጫ ብዛት አይለቅም» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ጃሜህ አውሮፕላን ተሳፍረው ከአገር ወጡ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር ግምቴን በመቶኛ፣ ከነቀን ገደቡ እጽፋለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ተመልሼ አያለሁ። ደብተሩ ላይ ብዙ የከሸፈ ግምት አለ። ከሁሉ የሚቆጨኝ የኒጀሩ ነው። በ2023 ወታደሮች ፕሬዚዳንት መሐመድ ባዙምን አግተው ሥልጣን ሲይዙ፣ ጃሜህን ያስወጣው ያው ኢኮዋስ፣ ማለትም የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ የአንድ ሳምንት ገደብ ሰጣቸው። እኔም የጋምቢያው ትዝ ብሎኝ «60 በመቶ ይለቃሉ» ብዬ ጻፍኩ። የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪ ጄኔራል አብዱራሕማን ቲያኒ አልለቀቁም። እንዲያውም በማርች 2025 ለአምስት ዓመት የሽግግር ዘመን ቃለ መሐላ ፈጽመው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሁለቱንም ጊዜ የሳትኩት መረጃ አጥቼ አይደለም፤ ዐይኔ ያረፈበት ቦታ ስለተሳሳተ ነው። የሚከተሉት ስህተቶች ከዚያ ደብተር የወጡ ናቸው። የውጭ አገሮችን ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ጫናን በጩኸቱ መመዘን

ኦገስት 18 ቀን 2011 ባራክ ኦባማ የሶርያው በሽር አል አሳድ ሥልጣን የሚለቁበት ጊዜ ደርሷል አሉ። የብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የጀርመን መሪዎችም በዚያው ዕለት ተመሳሳይ ጥሪ አቀረቡ። ከዚህ የበለጠ የዲፕሎማሲ ድምፅ ከየት ይመጣል? አሳድ የወደቁት ግን ከ13 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2024 ነው። በመሐሉ፣ በ2023፣ ከስብሰባው አግዷቸው የነበረው የአረብ ሊግ ወንበራቸውን መልሶላቸው ነበር። የጣላቸውም መግለጫ አይደለም። ከሰሜን ምዕራብ ሶርያ፣ ከኢድሊብ የተነሡ ታጣቂዎች በ12 ቀን ውስጥ ደማስቆ ሲደርሱ፣ ሩሲያ በዩክሬን ጦርነት ተጠምዳ፣ የሊባኖሱ አጋራቸው ሂዝቦላህም በእስራኤል ክፉኛ ተመትቶ ስለነበር ደርሶ የሚያድናቸው ጉልበት አልተገኘም።

አሁን አንድ መግለጫ ሳነብ የምጠይቀው «ይህ ቃል ተናጋሪውን ምን ያስከፍለዋል?» ብዬ ነው። ቃል ብቻ ከሆነ ግምቴን በአንድ መቶኛ እንኳ አላንቀሳቅስም። የጋምቢያው ከዚህ የተለየ ነበር። የሴኔጋል ጦር ድንበሩ ላይ ሰፍሯል፤ የናይጄሪያ አውሮፕላኖች ባንጁል ሰማይ ላይ ዞረዋል፤ ኢኮዋስ የሰጠው ገደብም በዋዛ አልታለፈም። እኔ ይህን ሁሉ ከሌሎቹ መግለጫዎች ጋር ደምሬ «መግለጫ» ብዬ ናቅሁት።

ጠመንጃ የያዘውን ሰው መርሳት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ ቢዘነጉ እንኳ ይህ እንዲታወስ እፈልጋለሁ። የውጭ ጫና መሪውን በቀጥታ አያወርደውም። በመሪውና በውጭው ኃይል መካከል የቆመ ሰው አለ፤ ያ ሰው ወታደር ነው። ጫናው የሚሠራው የዚያን ወታደር ሐሳብ ሲለውጥ ነው።

የጋምቢያ ኤታማዦር ሹም ኡስማን ባጂ አንዴ ለባሮው፣ አንዴ ለጃሜህ ታማኝነታቸውን ሲገልጹ ሰነበቱ። ገደቡ ሲቃረብ ግን ነገሩ የፖለቲካ ውዝግብ ነው፣ ወታደሮቼን በዚህ አላስጨርስም አሉ። ሚኒስትሮች ተራ በተራ ለቀቁ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቷም ለቀቁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጃሜህ ቤተ መንግሥት እንጂ መንግሥት አልነበራቸውም። እኔ ዐይኔን ዳካር ላይ ተክዬ፣ ባንጁል ካምፕ ውስጥ የሆነውን አላየሁም።

ኒጀር ላይ መሐል ላይ የሚቆም ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ቲያኒ ራሳቸው የፕሬዚዳንቱ ዘብ አዛዥ ነበሩ፤ የጦሩ ጠቅላይ እዝም በማግስቱ ደም መፋሰስን ለማስቀረት በሚል ከእርሳቸው ጎን ቆመ። የውጭ ገደብ የተሰጠው መሪውን ትቶ እንዲሄድ ለሚለመን ወታደር አልነበረም፤ ራሱ ለወሰነው ወታደር ነበር። ይህን ልዩነት ለማየት ልዩ ምንጭ አያስፈልግም፤ ሁሉም በዜና ተነግሯል።

የቬኔዝዌላን ጉዳይም በዚሁ መነጽር ማየት ይቻላል። የተቃዋሚዎች መሪ ሁዋን ጉዋይዶ ጃንዋሪ 23 ቀን 2019 ራሳቸውን ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ብለው ሲሰይሙ ከ50 በላይ አገሮች ዕውቅና ሰጧቸው። ኤፕሪል 30 ንጋት ላይ ካራካስ ውስጥ ካለው የላ ካርሎታ አየር ኃይል ሰፈር አጠገብ ጥቂት ወታደሮችን ከኋላቸው አሰልፈው በቪዲዮ ታዩ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክ ፖምፔዮ በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ኒኮላስ ማዱሮ ወደ ኩባ ሊበሩ አውሮፕላን ተዘጋጅቶላቸው ነበር፣ ሩሲያውያን አስቀሯቸው ሲሉ ተናገሩ። እኔ ያን ሰዓት «አበቃ» ብያለሁ። ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ግን ከጉዋይዶ ጀርባ የቆሙት ወታደሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድም የክፍለ ጦር አዛዥ የለም። ለካ መልሱ እዚያው ምስሉ ላይ ነበር። ተቃዋሚዎቹ በ2022 መጨረሻ ጊዜያዊ መንግሥታቸውን ራሳቸው በድምፅ ሲያፈርሱ፣ ማዱሮ ገና ቤተ መንግሥት ነበሩ።

የሕዝብን ሥቃይ የመሪ ሥቃይ ማድረግ

ናይጄሪያ ለኒጀር የምትልከውን ኤሌክትሪክ ስታቋርጥ ከተሞች ጨለሙ፤ ድንበር ሲዘጋ የእህል ዋጋ ናረ። እኛም «ከዚህ በላይ አይችሉም» አልን። አልቻለም የተባለው ሕዝቡ ነው፤ ወሳኞቹ ግን ወታደሮቹ ናቸው። ገደቡ ባለቀበት በኦገስት 6 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዋና ከተማዋ ኒያሜ ስታዲየም ተሰብስበው ለወታደሮቹ ድጋፋቸውን ገለጹ። ማዕቀብ ሲተነተን የማን ደመወዝ፣ የማን ነዳጅ፣ የማን ባንክ ሒሳብ እንደተነካ በስም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከአንድ ታሪክ ለሌላው መፍረድ

በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። እኔ ያየሁት ሣር «ኢኮዋስና ገደብ» የሚለውን ብቻ ነው። ካርታውን ብዘረጋ ኖሮ ጋምቢያ ከአትላንቲክ ዳርቻዋ በስተቀር ዙሪያዋን በሴኔጋል የተከበበች፣ 11,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ቀጭን አገር መሆኗን አይ ነበር። ኒጀር ከ1.2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ናት፤ ጎረቤቶቿ ማሊና ቡርኪና ፋሶም ጥቃት ቢሰነዘርባት በእኛ ላይ እንደታወጀ ጦርነት እንቆጥረዋለን ብለው ነበር። ጋምቢያ ላይ በምርጫ ያሸነፈ፣ ደጅ ላይ የቆመ ተተኪ ነበረ፤ ኒጀር ላይ ተተኪ የሚባሉት ሰው በአጋቾቻቸው እጅ ነበሩ። ሁለቱ ጉዳዮች የሚመሳሰሉት በድርጅቱ ስም ብቻ ነው።

«ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ አለመጠየቅ

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ እኛን ልጆቹን በእጁ ምልክት ዝም ሲያሰኝ አስታውሳለሁ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸው ተነገረ። ብላቴ ያሉትን ምልምሎች ሊጎበኙ እንደሄዱ ተደርጎ፣ በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ገቡ። የሶቪየት መሣሪያ ቆሟል፣ ምጽዋ ከዓመት በፊት ተይዛለች፣ ኢሕአዴግ ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነው፣ አሜሪካኖች የለንደኑን ድርድር እያዘጋጁ ነው፤ ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ይቆጥራል። የሚረሳው ሐራሬ ላይ የተከፈተ በር መኖሩ ነው። ያ በር ባይኖር አዲስ አበባ ላይ ምን ዓይነት ጦርነት ይደረግ ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ። ዚምባብዌም በኋላ ኢትዮጵያ በሌሉበት የፈረደችባቸውን ሰው አሳልፋ አልሰጠችም።

የቻርልስ ቴይለር ግን ሌላ ነው። በኦገስት 2003 ላይቤሪያን ለቀው በናይጄሪያ፣ በካላባር ከተማ ጥገኝነት አገኙ። በ2006 ተይዘው ለሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት ተሰጡ፤ በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ለሴራሊዮን ተጎጂዎች ይህ የሚገባ ፍትሕ ነው፣ እኔም በዚህ አልጸጸትም። ተንባዩ ግን ከቴይለር በኋላ የመጣ ማንኛውም መሪ ይህን ታሪክ በልቡ ይዞ እንደሚደራደር ማወቅ አለበት። ጃሜህ የመረጧት ኢኳቶሪያል ጊኒ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። በሚወጡበት ቀንም ኢኮዋስ፣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ደኅንነታቸውን የሚመለከት የጋራ መግለጫ አወጡ። ስለዚህ አሁን ደብተሬ ላይ «ጫና» ከሚለው ዓምድ ጎን «በር» የሚል ዓምድ አለ። ተቀባይ አገር በስም ካልታወቀ፣ ግምቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ጥያቄውን ሳይወስኑ መልስ መስጠት

ጃንዋሪ 3 ቀን 2026 የአሜሪካ ኃይሎች ካራካስ ገብተው ማዱሮን ከነባለቤታቸው ይዘው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዷቸው። ሥልጣኑን የተረከቡት የራሳቸው ምክትል ዴልሲ ሮድሪጌዝ ናቸው። «ማዱሮ በውጭ ጫና ይለቃሉ» ብሎ የተነበየ ሰው ልክ ነው? በኃይል ተይዞ መወሰድ «መልቀቅ» ነው? «የማዱሮ መንግሥት ይወድቃል» ያለስ? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ የሰውየው መሄድና የሥርዓቱ መሄድ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ለየብቻቸው ቁጥር ይፈልጋሉ። እኔ ከመገመቴ በፊት ማን፣ ከየትኛው ሹመት፣ እስከ መቼ፣ በምን ዓይነት መንገድ ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ።

«በቅርቡ» ማለት

ቀን የሌለው ትንበያ ትንበያ አይደለም። አንድ መሪ በየወሩ የመውረድ ዕድሉ 2 በመቶ ነው እንበል። በዓመት ሲታሰብ 21 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በአምስት ዓመት ደግሞ 70 በመቶ ይደርሳል። አሳድ ይወድቃሉ ያሉት ሰዎች በረዥሙ ልክ ነበሩ፤ «እስከ መጪው ዓመት» ያሉት ግን ተሳሳቱ። ሌላም አለ፤ የተሰጠ ገደብ ምንም ሳይሆን ሲያልፍ ግምትን በዚያው ቁጥር ማቆየት ስህተት ነው። ኦገስት 7 ቀን 2023 ጠዋት 60ውን ወደ 20 ማውረድ ነበረብኝ። እስከ መስከረም ድረስ አልነካሁትም።

ምኞትን ግምት ማድረግ

ይህ ስህተት ከሁላችንም ጋር ይኖራል፤ በተለይ ከአገሩ ርቆ ዜና በሚጠብቅ ስደተኛ ላይ ይበረታል፣ ልቡ እዚያ ነውና። መፍትሔዬ ምኞቴን ለብቻው መጻፍ ነው። «እንዲወርዱ እፈልጋለሁ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ቁጥሩን ሳስቀምጥ እጄ ይረጋጋል።

የዚህ ሥራ ክብደት የገባኝ ከቁጥሩ በላይ በሰዎቹ ነው። በ2017ቱ የጋምቢያ ቀውስ ወደ 45,000 የሚሆኑ ሰዎች ወደ ሴኔጋል ተሻግረዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ምሽት ምስሎች መካከል ጀልባ ለመሳፈር ፍራሽ ተሸክማ፣ ልጅ አዝላ የምትጠብቅ አንዲት እናት ነበረች። ጃሜህ ይለቃሉ ወይስ አይለቁም የሚለው ለእርሷ ክርክር አልነበረም። በዚያ ዕለት በግልጽ የሚታየውን ሁሉ፣ የባጂን ቃል፣ የሚኒስትሮቹን መልቀቅ፣ የሴኔጋልን ጦር ዛሬ በእነዚህ መስፈርቶች ደግሜ ስመዝነው «በሳምንት ውስጥ ይለቃሉ» ለሚለው 65 በመቶ እሰጥ ነበር። ቀሪው 35 ግን ባንጁል ላይ የሚፈነዳ ጦርነት ነው። ብትጠይቀኝ «ይለቃሉ ብዬ አስባለሁ፤ አንቺ ግን ልጅሽን ይዘሽ ተሻገሪ» እላት ነበር።