ጃፓን ገጠር ለደረሳችሁ፦ ሳንቲም ይኑራችሁ

ጃፓን የመጣ ሁሉ ቶኪዮ አይደርሰውም። በኤቢኢ ኢኒሼቲቭም (ለአፍሪካ ወጣቶች በተዘጋጀው የጃፓን የትምህርት ዕድል) ሆነ በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ መጥቶ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አለ። እዚያ አንዳንዱ የባቡር ጣቢያ አንዲት መጠለያና አንድ ወንበር ብቻ ነው። ትኬት ቆራጭ የለም፣ ዘበኛ የለም። ሙጂን ኤኪ፣ ማለትም ሰው አልባ ጣቢያ ይሉታል።

ታዲያ ነፃ እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ ራሱ ነው ሂሳብ ተቀባዩ። ባቡሩ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ነው። በሩ ዝም ካላችሁ አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ። በአብዛኛው የሚገባው በኋላ በር ነው። እንደገባችሁ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ከማሽን ትወጣለች፤ ሴይሪኬን ትባላለች። እሷን ሳትይዙ እንዳትቀመጡ! ከየት እንደተሳፈራችሁ የምትመሰክረው እሷ ናት። ከሹፌሩ በላይ ሰሌዳ አለ። በቁጥራችሁ ሥር ያለው ዋጋ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይጨምራል። መውረጃችሁ ሲደርስ ወደ ፊት ሂዱ፣ ወረቀቷንና ገንዘቡን ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ፣ በፊት በር ውረዱ። ሰው ቆሞ ጠበቀኝ ብላችሁ አትሳቀቁ፤ ሹፌሩ ሳያስከፍል አይነቃነቅም።

ትልቁ ጣጣ ዝርዝር ነው። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጥም። አጠገቡ ያለው መዘርዘሪያ የ1,000 የን ኖት ይዘረዝራል፤ 10,000 ይዛችሁ ከቆማችሁ ግን ጉድ ፈላ። ቀድማችሁ ኮንቢኒ (ትንሽ ሱቅ) ገብታችሁ ውሃ ግዙበት። ሱይካ ካርድም (ገንዘብ ቀድሞ የሚሞላበት የባቡር ካርድ) ሁሉም መስመር ላይ አይሠራም። ቢሠራም በአንዱ የካርድ ክልል ገብታችሁ በሌላው ክልል መውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

ሰዓቱን ደግሞ እንደኛ እንዳታነቡት። 7:12 ማለት ከጠዋቱ 1:12 ነው፤ 18:40 ደግሞ ከምሽቱ 12:40። የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ሰሌዳው ሊለያይ ይችላል። ጠዋት ተማሪ ስለሚበዛ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ሊመጣ ይችላል፤ ቀን ላይ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ባዶውን የሚቆይ መስመር አለ። ሰሌዳውን በሁለቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት። በረዶ በሚበዛበት አገር ከቤት ሳትወጡ የባቡር ድርጅቱን ድረ ገጽ እዩ፤ ባቡር ቢቀር ጣቢያው ላይ የሚነግራችሁ ሰው የለም።

መጠለያው ውስጥ ስትጠብቁ በሩን ዝጉ፣ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ቦታ የሚያጸዱት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የመጨረሻው ባቡር ካመለጣችሁ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ አትፈልጉ፤ ተደውሎለት ነው የሚመጣው። የአካባቢውን ታክሲ ስልክ ገና በመጀመሪያው ሳምንት መዝግቡ።